የሱፍ ገለባ

እማማ መደቡ ላይ ነበሩ፤ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ ፊታቸውን በበሩ ወደሚገባው ብርሃን አዙረው። የንስሐ አባታችን በርጩማ ቢቀርብላቸውም አልተቀመጡም፤ ምሰሶው አጠገብ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። የባለቤቴ ታናሽ እህት በእናቷ እግር ሥር ባና ላይ ተቀምጣለች። የሸማቾች ማኅበሩ ሱቅ ሻጭ አልገባም፤ አንድ እግሩን ከደጃፉ ውስጥ፣ አንዱን ውጭ አድርጎ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሏል። እኔ የጓዳው መግቢያ ላይ ቆሜያለሁ። ከሁላችን መካከል፣ መሬቱ ላይ፣ እማማ ትናንት ጀምረው የተዉት ሽሮ በጣባው እንዳለ ተቀምጧል። ላዩ ላይ ነጭ ነገር ረግቶበታል።

የተሰበሰብነው ያ ነጭ ነገር ምን እንደሆነ ለመለየት ነበር። ዕለቱ የደብረ ዘይት ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት ነው፤ ሁዳዴ ገና መጋመሱ። እማማ የባለቤቴ እናት ናቸው። ባለቤቴ ካረፈ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ቀየት በሚባል የመንዝ አካባቢ ባለው ቤቱ የቀረነው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። ነጩ ነገር የበግ ስብ ከሆነ፣ ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ጾም ሽረው የማያውቁ ሴት በእኔ እጅ ሽረዋል ማለት ነው። እህትየዋ ሱቅ ከከፈተችበት ከመሐል ሜዳ የመጣችውም እንዲሁ አልነበረም፤ እናቷን የምትወስድበትን መኪና ተነጋግራ ነው የመጣችው። እማማ ከሄዱ እኔ በዚያ ቤት የምቀመጥበት ምክንያት የለም።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው።

የተወለድኩት መርሐቤቴ ነው፤ ከዓለም ከተማ በታች፣ መሬቱ ወደ ወንዙ ማዘቅዘቅ ከሚጀምርበት። እኛ ዘንድ ሁለት ዓይነት ሱፍ አለ። አንደኛው ከጥንት የነበረው እሾሃሙ የአበሻ ሱፍ ነው። ሁለተኛው የፈረንጅ ሱፍ የሚባለው፣ ከሰው ቁመት የሚበልጠው፣ ፊቱን ከፀሐይ ጋር የሚያዞረው ነው። እናቴ ይህን ሁለተኛውን በማሽላው ዳር አንድ ረድፍ ትዘራው ነበር። «ማሽላው ለሆድ፣ ይኼ ለወዝ» ትላለች። ራሱ ከብዶት ሲያጎነብስ እንቆርጠዋለን፤ ሰሌን ላይ አስጥተን ሲደርቅ በዱላ እንመታዋለን። ወፎች ቀድመውን የበሉት ራስ እንደ ተነቀለ ጥርስ ባዶ ባዶውን ያሳያል። የዓመቱ የጾም ቅባታችን እሱ ነበር። ቅቤ በማይገባበት ወር ሁሉ ሱፍ ይገባል፤ ለሽሮው፣ ለፍትፍቱ፣ ለተሰነጠቀ ተረከዝ ሳይቀር።

ሁለተኛ ደረጃን ዓለም ከተማ ጨረስኩ። ነጥብ አልመጣልኝም። በዚያው ዓመት አስተማሪ የነበረ የመንዝ ሰው አገባኝና ገደሉን አውጥቶ ቀየት አመጣኝ። ብርዱን ማንም አልነገረኝም። ከብርዱ ይልቅ ግን ያስቸገረኝ የሚበቅለው ነገር ማነስ ነው። ገብስ አለ፣ ባቄላ አለ፣ ተልባ አለ፤ ሱፍን ግን ውርጩ አያሳድገውም። አንድ ክረምት ከጓሮ ሞክሬ፣ እስከ ጉልበቴ አድጎ አንገቱን ሳያወጣ ጠቆረ።

የመጀመሪያው ሁዳዴ ሲገባ፣ ሳላስብ፣ «እናንተ ዘንድ በጾም ሱፍ አይበላም?» ብዬ ጠየቅሁ።

መንዝ ላይ ሱፍ ማለት ልብስ ነው፤ ከበግ ጀርባ የሚመጣ። የባለቤቴ እህት ያን ጊዜ ዐሥር ዓመት ቢሆናት ነው። «በጉን ትታ ፀጉሩን!» ብላ እየሮጠች ወጣች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገዋል።

«የመምህሩ ሚስት በጾም ፀጉር ትበላለች አሉ።»

«ምን ታድርግ፣ ቆላ አይደል፤ በግ ቢያጡ ነዋ።»

በሚቀጥለው ዓመት ወንድሜ በነጋዴ እጅ አንድ ስልቻ ሱፍ ላከልኝ። አምሼ፣ ወቅጬ፣ በውኃ በጥብጬ፣ በንጹሕ ሻሽ አጠለልኩት። ዝንጅብልና ቃርያ አድርጌበት እንጀራ ፈትፍቼ ለእማማ አቀረብኩ። ጣባውን ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት። የሱፍ ውኃ ነጭ ነው፤ አረፋም አለው።

«ይኼ ወተት ነው» አሉ።

«አይደለም እማማ፣ ሱፍ ነው።»

«ሱፍ ከበግ፣ ወተት ከላም። አንቺ ልጅ ከሁለት እንስሳ ልታስበይኝ ነው?»

ሙቀጫውን አምጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩና እንደገና ጀመርኩ። አንዷን ፍሬ አንስተው በጥርሳቸው ፈለጧት። እስክጨርስ ድረስ ዓይናቸውን ከእጄ አላነሱም። ከዚያ ቀመሱ። ሲጨርሱ ጣባውን ዘረጉልኝና፣ «ጨምሪልኝ እስቲ፣ አንቺ ቆለኛ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። ወንድሜ በየዓመቱ ይልካል፤ እኔ እወቅጣለሁ፤ እማማ ሙቀጫው አጠገብ ይቀመጣሉ። እንዝርታቸውን ይዘው የበግ ፀጉር ይፈትላሉ፣ እኔ ሱፍ እወቅጣለሁ። «ሁለታችንም ሱፍ ላይ ነን» ይላሉ፤ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይሏታል፣ በየዓመቱ እስቃለሁ። ዓይናቸው ሲደክም በጆሯቸው ይከታተሉ ጀመር። ሱፍ ገና ሲወቀጥ ድምፁ ደረቅ ነው፤ ይንኮሻኮሻል። ቅባቱን ሲሰጥ ዘነዘናው መታፈን ይጀምራል፣ ሙቀጫው ዝግ ያለ ድምፅ ያወጣል። «አሁን ሰጠ» ይሉኛል። አንድ ቀን እንኳን አልተሳሳቱም።

አሁን የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እዚህ ሱቅ ውስጥ የሱፍ ዘይት በጠርሙስ ተደርድሯል፤ ቢጫው አበባ በላዩ ተሥሏል፤ ብርሃን ሲያገኘው ጥርት ብሎ ይታያል። እገዛለሁ። በብርድ ከሚረጋው ዘይት ይሻላል። መጥበሻው ላይ ሳፈሰው ግን ድምፅ የለውም። ቆለኛ ብሎ የሚጠራኝም ሰው የለም፤ እማማ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ። የከተማ ሰው መርሐቤቴን ከመንዝ አይለይም፤ ሁለቱንም ሰሜን ሸዋ ብሎ ያልፈዋል።

ወደዚያ ዓመት ልመለስ።

በጥቅምት ወንድሜ ስልክ ደወለ። መስመሩ እየተቆራረጠ፣ «ዘንድሮ ሱፍ አልዘራሁም» አለኝ። «ማሾ ነው የዘራሁት። ሁሉም ሰው ማሾ ነው። ነጋዴው ከማሳው ድረስ ይመጣል።»

«ከዳር እንኳን ትንሽ?»

«ዳሩም ማሾ ነው እታለም።»

አልተቀየምኩትም። ልጆች አሉት። ለእማማ ግን አልነገርኳቸውም። ስልቻው ውስጥ ያምናው ሱፍ ትራፊ ነበር፤ ይበቃ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

በጥር እማማን ሳል ያዛቸው። ሳሉ ሲተዋቸው ሰውነታቸውን ይዞት ሄደ። የእጃቸው አንጓ ከእንዝርቱ ብዙ አይበልጥም ነበር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አይታ፣ «ወተት፣ እንቁላል፣ ቅባት ያለው ነገር ይስጧቸው» አለችኝ። ዘወረደ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሁለቱን ሳምንት ሰጠሁ። ጾሙ ሲገባ የንስሐ አባታችን ራሳቸው መጥተው፣ «ለታመመ ሰው ተፈቅዷል፤ እኔ ፈትቼዎታለሁ፣ ወተት ይጠጡ» አሏቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ አባ» አሉ እማማ። «እርስዎ ፈቱኝ። እኔ ግን ራሴን አልፈታሁም።»

ቀረ። ተልባ ሞከርኩ፤ አንጀታቸውን አላላውና ከነበሩበት ባሱ። የሚስማማቸው ሱፉ ብቻ ነበር። በትንሽ በትንሹ እየቆነጠርኩ እስከ ምኩራብ አደረስኩት። ከምኩራብ በኋላ ባለው ማክሰኞ ስልቻውን ገልብጬ አራገፍኩ። የወጣው ገለባ ነው።

ጓዳው ውስጥ ከማኅበሩ ሱቅ የተሰጠን ዘይት ነበር። በዚያ ዘመን ዘይት እንደልብ አይገኝም፤ በማኅበሩ በኩል በቤተሰብ ይታደላል። ፓልም ይሉታል። ሞቃት አገር ላይ ፈሳሽ ነው። መንዝ ሲደርስ ግን ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይረጋል፤ ሴቶቹ የጀሪካኑን አፍ በቢላዋ ቀደው በማንኪያ ይዝቁታል። ያን ነጭነት መንዝ የሚያውቀው ከአንድ ነገር ነው፤ ከላት። የመንዝ በግ ላቱ ተነጥሮ ሲቀዘቅዝ ልክ እንደዚያ ነው። ስለዚህ አሮጊቶቹ ሁሉ «ላት ቀላቅለውበታል» ብለው በጾም አይነኩትም ነበር። እማማም አንዷ ናቸው። እኔ ጀሪካኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ፤ የዘንባባ ፍሬ ዘይት ነው ይላል። ነገር ግን የባዕድ ጽሑፍ በሰፈሩ የማነበው እኔ ብቻ ነኝ፤ በዚህ ማንን ላሳምን?

ያን ማክሰኞ እማማ በቦታቸው ተቀምጠዋል። ሙቀጫውን አመጣሁ። ገለባውን ጨመርኩና ወቀጥኩት። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ገለባውን ደፋሁ፤ ዘይቱን አሙቄ፣ ጥርት ሲል፣ በባቄላው ሽሮ ላይ አፈሰስኩት። በልተው ጨረሱ። በማግስቱም እንዲሁ አደረግሁ። ሁለት ሳምንት ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ፊታቸው ወዝ አገኘ። ብቻቸውን እስከ ደጃፍ ደርሰው ተመለሱ።

በደብረ ዘይት ዕለት እየበሉ ሳለ ጎረቤት ከቅዳሴ ስትመለስ ልትጠይቃቸው ገባች። ጨዋታው ረዘመ። ስትሄድ እማማ ወደ ጣባው ተመልሰው አንድ ጊዜ ጎረሱ። ከንፈራቸውን በጣታቸው ዳሰሱ። ጣታቸውን ከአውራ ጣታቸው ጋር አሻሹት። ዕድሜ ልካቸውን በግ ያረቡ ሴት ናቸው።

አልጮሁም። «እጄን አስታጥቢኝ» አሉ። አስታጠብኳቸው። «ልጄን በስልክ ጥሪልኝ፤ አባንም ላኪባቸው» አሉ። ያን ቀን ከእጄ አልበሉም።

እንግዲህ ሰኞ ጠዋት የቆምነው ስለዚህ ነው።

መጀመሪያ የተናገረው ሻጩ ነው። «እማማ፣ እኔም ጾመኛ ነኝ። ቤቴ የምንበላው ይኼንኑ ነው።»

«አንተማ የምትሸጠውን ካልበላህ ማን ያምንሃል» አለች እህትየዋ።

«ዛፍ ነው እኮ የምልሽ! ይኸው፣ ጀሪካኑ ላይ ዛፉ ተሥሏል።»

«ፍየልም ዛፍ ሥር ቆማ ትሣላለች።»

አባ ጎንበስ ብለው ጣባውን አነሱና አሸተቱት። «በግ በግ አይልም» አሉ።

«አባ፣ በሁዳዴ እኩሌታ የበግ ሽታ ያስታውሳሉ?» አለች እህትየዋ።

«ልጄ፣ አጥርቶ የሚያስታውሰው የራበው ሰው ነው» አሉ አባ። ሻጩ ሳቀ። እማማ አልሳቁም። አባም ይህን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በደብረ ዘይት ማግስት ስለ ዘይት ዳኛ አደረጋችሁኝ። በሉ ጭልፋ አምጡ።»

ጭልፋ ሰጠኋቸው። ከጀሪካኑ ነጩን ዛቅ አድርገው ፍሙ ላይ ያዙት። ቀለጠ፤ እንደ ጠጅ ቢጫ ሆነ። ላት ሲነጠር የሚተወው ቅርፊት የለውም፤ ያ ቤቱን የሚሞላው ሽታም አልመጣም። ሁላችንም አየን፤ እማማ አፍንጫቸውን ወደ ፍሙ አዙረው ጠበቁ። አባ ጭልፋውን ደጃፉ ላይ፣ ነፋሱ በሚያገኘው ቦታ አኖሩት። ሻጩ ዘይቱ ስንት ባሕር አቋርጦ እንደሚመጣ አስረድቶ ሳይጨርስ ጭልፋው ውስጥ ነጣ።

«ብርዱ ነው» አሉ አባ። «የመንዝ ብርድ የማያረጋው ነገር የለም። ይኼ ከዛፍ የወጣ ዘይት ነው። እመት፣ ጾምዎ አልተሻረም። እግዜር ይመስገን።»

ሻጩ ጀሪካኑን ይዞ ሄደ። እህትየዋ ተነፈሰች። «እንኳን አልሆነ! ቢሆንም እማዬ ከእኔ ጋር ትሂድ። እትዬ ደክማለች፤ እኔ ቤት ሠራተኛ አለ፣ ጤና ጣቢያውም ቅርብ ነው።»

ያን ጊዜ እማማ ተናገሩ። ፊታቸውን ከበሩ አላዞሩም።

«ከዛፍ መሆኑን ሰማሁ። ደግ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ሙቀጫው ውስጥ ምን ነበር?»

ለማን እንደሚናገሩ ሁሉም አውቋል።

«ገለባ» አልኩ።

«አውቄያለሁ» አሉ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ድምፁ ደረቅ ነበር። አንድም ቀን አልሰጠም።»

አባ ወደ እኔ ተመለከቱ፤ ከዚያ ወደ እሳቸው። «ካወቁ ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ከእጇ ስበላ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ አባ። ሱፉ ካለቀ አለቀ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ዛሬ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች እያልኩ በላሁ። ትናንት ከንፈሬ ላይ ሲረጋብኝ ልቤ ደነገጠ። በገለባው ከዋሸች በሌላውም ዋሽታ ይሆናል አልኩ።»

እህትየዋ አፏን ልትከፍት ነበር፤ አባ በእጃቸው ዝም አሰኟት። መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ። ብዙ መናገር አልችልበትም፤ ያን ጊዜም አልቻልኩም።

«ወንድሜ ማሾ ዘርቷል» አልኩ። «ዘንድሮ ሱፍ የለም። ከጥቅምት ጀምሮ አውቃለሁ። ብነግርዎ ደረቁን ሽሮ ብቻ ይበሉና ይሞቱብኛል ብዬ ፈራሁ።»

አባ መስቀላቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ከወንድምሽ ሌላ የሚዘራ የለም?» አሉ እማማ።

«አላውቅም። እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ አልወረድኩም።»

«እናትሽ ካረፈች ስንት ዓመቷ?»

«ዐሥራ አንድ።»

«ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አገርሽን አላየሽም» አሉ፤ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው። «ማነው የከለከለሽ?»

ማንም አልከለከለኝም። ባለቤቴ ታመመ፣ ሞተ፤ እሳቸው አረጁ፤ ቤቱ ሰው ይፈልጋል። ያን ሁሉ አላልኩም። በየዓመቱ ስልቻው ሲመጣ አፉን ፈትቼ ፊቴን አስጠግቼ አሸተው እንደነበርም አልተናገርኩም። የማሽላው ዳር፣ የአፈሩ ሙቀት፣ ሁሉም በዚያ ስልቻ ነበር የሚመጣልኝ፤ ለመውረድ ያላስቸኮለኝም ይኸው ይመስለኛል።

«እንግዲያው ውረጂና ፈልጊ» አሉ እማማ።

«በዚህ ዕድሜዋ ገደል ልትወርድ?» አለች እህትየዋ። «ሰው እልካለሁ። መሐል ሜዳ ገበያ ላይም ይገኝ ይሆናል።»

«ሌላ ሰው ያመጣውን አልበላም። እሷ ያመጣችውን ነው የምበላው።»

«እኔ ደግሞ መኪና ተነጋግሬ መጥቼ!»

«ባዶውን ይመለስ። ባዶ መኪና ዳገት አይከብደውም።»

«እማዬ!»

«አንቺ የትም አትሄጂም። እሷ እስክትመለስ እኔም እዚሁ ነኝ፣ አንቺም እዚሁ ነሽ። ሱቅሽን አንድ ሳምንት ማንም አይበላውም። ገብስ ቆሎ መቁላት አልጠፋብሽም መቼም።»

እህትየዋ አባን ተመለከተች። አባ ጣሪያውን ተመለከቱ። «እንጃ፣ ከፋሲካ በፊት ቤቱን ያስታረቀ ሱፍ ነው ልንል ነው» አሉና በርጩማው ላይ አሁን ተቀመጡ።

«ባይገኝስ?» ብዬ ጠየቅሁ እማማን።

«ባይገኝ አልተገኘም ትይኛለሽ።»

ጓዳ ገባሁ። ስልቻውን ከተሰቀለበት አወረድኩ፤ ወደ ውጭ ገልብጬ ዳግመኛ አራገፍኩትና አጥፌ በነጠላዬ ጠቀለልኩት። ለመንገድ በሶ ቋጠርኩ። ጫማዬን አጠለቅሁ። እህትየዋ ተነሥታ ባናዋን ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ፤ ወንዙ ስደርስ በሙቀቱ አውልቄ እንደምሸከመው እያወቀች። አባ መስቀል አሳለሙኝ። ወደ መደቡ ሄጄ የእማማን ጉልበት ሳምኩ። እጃቸውን ራሴ ላይ አኖሩና አነሱ።

ደጃፉ ላይ የነበረውን ጭልፋ ወደ ጎን አደረግሁና ወጣሁ።